ጉልበት የት ላይ ይረፍ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቱሉ ዲምቱ፣ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ ያደረግኩት ንግግር ነው። የመጡት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ወላጆቻቸው፣ የባጃጅ ሾፌሮችና አጠገባችን ያለውን ሕንጻ የሚሠሩ ግንበኞች ነበሩ። ያልመጡ ጎረቤቶች "ጻፍልን" ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩት። መጨረሻ ላይ የተጠየቅኳቸውንም ጥያቄዎች ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ለብዙዎቻችን የውሃ ሰዓት ነው። ጀሪካናችሁን ወረፋ አስይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ።

እስቲ በዚህ በር እንጀምር። አንድ ጉልበተኛ ወጣት ወደዚህ ይምጣልኝ። አንቺም ነይ። ስንተኛ ክፍል ነሽ? አራተኛ። ጎበዝ። አንተ በሩን ከውጭ ትገፋለህ፤ እጅህ ግን ከማጠፊያው አራት ጣት ያህል ብቻ ይራቅ። አንቺ ከውስጥ በኩል እጀታው ላይ በአንድ እጅሽ ግፊ። በሉ።

አያችሁ? ልጁ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ገፋ። እሷ በአንድ እጇ መለሰችው። እሱ አልለገመም። እሷም ከእሱ የበለጠ ጉልበት የላትም። ልዩነቱ የቆሙበት ቦታ ነው። የእሱ እጅ ከማጠፊያው 8 ሳንቲም ይርቃል። የእሷ 80 ሳንቲም ይርቃል። አሥር እጥፍ ማለት ነው። እሱ 40 ኪሎ በሚያነሳ ጉልበት ቢገፋ፣ እሷ 4 ኪሎ በሚያነሳ ጉልበት እኩል ትሆነዋለች። ትንሽ ከጨመረች ታሸንፈዋለች።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ሲዞር፣ ሲያጋድል ወይም ሲወድቅ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ጉልበቱ ያረፈው የት ላይ ነው የሚለው ነው። ሁለቱን አባዙ። ኃይል ሲባዛ ነገሩ ከሚዞርበት ነጥብ ያለው ርቀት። ተማሪዎች ይህንን ቶርክ ወይም ሞመንት ብላችሁ ትማሩታላችሁ። እኔ ዛሬ የማዞር አቅም እለዋለሁ። ርቀቱ የሚለካው ደግሞ ኃይሉ ከሚሄድበት መስመር ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ነው። የበሩን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ማጠፊያው አቅጣጫ ብትገፉ እስኪመሽ ብትገፉም በሩ አይዞርም። ርቀቱ ዜሮ ነዋ።

ሌላም ነገር ልበል። ዛሬ በኪሎ ነው የማወራው፣ ሁላችንም በኪሎ ስለምንገበያይ። አንድ ኪሎ ነገር ወደ መሬት የሚሳብበት ኃይል ወደ 10 ኒውተን ነው። ተማሪዎች፣ ፈተና ላይ ኒውተን ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ወደ ጣውላው። ከግንበኞቹ የተዋስነው 4 ሜትር ጣውላ ነው። መሃሉን ብሎኬት ላይ አሳርፈነዋል። ይህች ልጅ 24 ኪሎ ናት። ጫፉ ላይ፣ ማለትም ከመሃሉ 2 ሜትር ርቃ ትቀመጥ። እኔ 80 ኪሎ ነኝ። የት ብቀመጥ እኩል እንሆናለን? የእሷ 24 ሲባዛ በ2፣ 48 ነው። የእኔም 48 መሆን አለበት። 48ን ለ80 ሳካፍለው 60 ሳንቲም ይመጣል። ስልሳ ሳንቲም ላይ ልቀመጥ። ይኸው። ጣውላው ቀጥ አለ።

ይህን ሕግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሲራኩስ በምትባለው የሲሲሊ ከተማ የኖረው አርኪሜደስ በጽሑፍ አስረድቶታል። መቆሚያ ቦታ ብትሰጡኝ ምድርን አነቃንቃታለሁ ብሏል ተብሎም ይነገርለታል። እኛም ለዚህ መሣሪያ ጥሩ ቃል አለን፤ መፈንቅል። ብዙ ሰው ቃሉን የሚያውቀው መፈንቅለ መንግሥት ከሚለው ነው። መሠረቱ ግን መፈንቀል ነው። ድንጋይን ከሥሩ ገብቶ ማንሳት። የ1 ሜትር ተኩል ድጅኖ ወስዳችሁ ጫፉን ድንጋዩ ሥር አስገቡ። ከጫፉ 15 ሳንቲም ላይ ትንሽ ድንጋይ አስደግፉት። ከእናንተ በኩል 135 ሳንቲም ይቀራል። 135 ለ15፣ ዘጠኝ ነው። በ20 ኪሎ ጉልበት 180 ኪሎ ድንጋይ ታነሳላችሁ።

ዋጋ ግን አለው። እጃችሁ 45 ሳንቲም ሲወርድ ድንጋዩ 5 ሳንቲም ብቻ ነው የሚነሳው። በጉልበት ያተረፋችሁትን በመንገድ ትከፍላላችሁ። ይህ ሳይነገር የሚታለፍበት ጊዜ ስለሚበዛ ነው ያነሳሁት። መፈንቅል ሥራውን አይቀንስላችሁም። ሥራውን በአቅማችሁ ልክ ቆራርሶ ይሰጣችኋል።

ጎማ የቀየራችሁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ዳዶው አልፈታ ሲል ምን ታደርጋላችሁ? መፍቻው ላይ ቧንቧ ትሰካላችሁ። በ30 ሳንቲም መፍቻ 40 ኪሎ ጉልበት የሚጠይቀው ዳዶ፣ ቧንቧው ተጨምሮ 90 ሳንቲም ሲሆን ከ13 ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ ጉልበት ይበቃዋል። ለመፍታት ጥሩ ዘዴ ነው። ለማጥበቅ ግን አደራ! በቧንቧ ሲጠበቅ እጃችሁ ምን ያህል እንዳጠበቃችሁ አይነግራችሁም። ቡሎኑ ሊበጠስ ይችላል።

አሁን ስለ ሰውነታችን ላውራ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጫኝና አውራጅ ነበር። በአርባ ሁለት ዓመቱ ወገቡ እምቢ አለው። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር አቃተው። እኔ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ስለ ቶርክ በተማርኩበት ቀን ማታ ደብተሬን ይዤ የአባቴን ወገብ አሰላሁ። ያኔ ነው ፊዚክስ የራሴ የሆነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ጎንበስ ስትሉ ሰውነታችሁ ከወገባችሁ አካባቢ ይታጠፋል። እዚያ ማጠፊያ አለ በሉ፣ እንደ በሩ። ከፊታችሁ 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን አለ፣ ማለትም 20 ኪሎ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ስታነሱት ከማጠፊያው 40 ሳንቲም ይርቃል። የማዞር አቅሙ 20 ሲባዛ በ40፣ 800 ነው። ይህን የሚመልሰው ከአከርካሪያችሁ ኋላ ያለው ጡንቻ ነው። ያ ጡንቻ ከማጠፊያው የሚርቀው 5 ሳንቲም ያህል ብቻ ነው። 800 ለ5 ስናካፍለው 160 ኪሎ! ልብ በሉ፣ የላይኛው አካላችሁን የራሱን ክብደት አልጨመርኩም። በሩ ላይ ከማጠፊያው አጠገብ ሲገፋ የነበረው ልጅ ያ ጡንቻ ማለት ነው።

መፍትሔው ጉልበት መጨመር አይደለም። ርቀቱን መቀነስ ነው። ጀሪካኑን ወደ እግራችሁ አስጠጉት። ከወገባችሁ ሳይሆን ከጉልበታችሁ ታጠፉ። አካላችሁ ላይ ለጥፋችሁ ተነሱ። ርቀቱ 40 የነበረው 20 ሳንቲም ከሆነ ጡንቻው የሚጎትተው በግማሽ ይቀንሳል። 160 የነበረው 80 ይሆናል። ጀሪካኑ ያው 20 ኪሎ ነው። አባቴ ይህን የሚነግረው ሰው አላገኘም። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ውሃ ስትቀዱ ልጆቻችሁን አሳዩአቸው።

ሁለት ሰው አንድ ሸክም ሲካፈልም እንዲሁ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው። ግን አከፋፈሉ እኩል የሚሆነው መቼ ነው? 2 ሜትር ባሬላ ላይ 60 ኪሎ ድንጋይ ጫኑ። ድንጋዩ መሃል ላይ ከሆነ ለእያንዳንዱ 30 ኪሎ ይደርሰዋል። ከፊተኛው ሰው 50 ሳንቲም ብቻ ርቆ ከተቀመጠ ግን ለፊተኛው 45፣ ለኋለኛው 15 ኪሎ ይደርሳቸዋል። ቀንበር ላይም ይሠራል። አንዱ በሬ ደካማ ሲሆን ሞፈሩ የሚታሰርበትን ቦታ ወደ ብርቱው በሬ ጠጋ ቢያደርጉት፣ ለደካማው ረጅሙ ክንድ ይተርፍለታል። ጫናው ይቀንስለታል።

እዚህ ሰፈር የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሊፍት የለም። አራተኛ ፎቅ ፍሪጅ ያወጣ ሰው እጁን ያውጣ። ብዙ ነን። የታችኛው ሰው ለምን ይበልጥ እንደሚደክም አስባችሁ ታውቃላችሁ? "ፍሪጁ ወደ እሱ ስለሚንሸራተት" ትሉ ይሆናል። ባይንሸራተትም ይከብደዋል። ርዝመቱ 1.60 ሜትር፣ ውፍረቱ 60 ሳንቲም፣ ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ፍሪጅ በጀርባው አስተኝታችሁ ከሥሩ ይዛችሁ ደረጃ ትወጣላችሁ እንበል። ደረጃው 30 ዲግሪ ያህል ያጋደለ ነው። የአንድ ነገር ክብደት ሁሉ የተሰበሰበበት ያህል የሚቆጠረውን ነጥብ የክብደት ማዕከል እንለዋለን። ፍሪጁ ሲያጋድል ይህ ማዕከል፣ ከምትይዙበት ቦታ በላይ ስላለ፣ ወደ ታችኛው ሰው ይጠጋል። ሲሰላ የታችኛው ሰው 36 ኪሎ ተኩል፣ የላይኛው 23 ኪሎ ተኩል ይሸከማሉ። ፍሪጁ በወፈረ፣ ደረጃው በቆመ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። የላይኛው ሰው ከሥሩ መያዝ ትቶ ከላይኛው ጠርዝ ቢይዝ ግን ለታችኛው ጫናው ይቀልለታል፤ ለላይኛው ይጨምርበታል። ከሥሩ ከያዛችሁት ብርቱው ከታች ይሁን። ፎቅ ስትቀይሩም ተቀያየሩ።

አሁን መጥረጊያውን ስጡኝ። ይህ ጨዋታ ለልጆች ነው፣ ግን ትልልቆቹንም ሲያሳስት አይቻለሁ። ሁለት ጣቴን ዘርግቼ መጥረጊያውን አጋድሜ አሳርፈዋለሁ። አንዱ ጣት እጀታው ጫፍ፣ ሌላው ብሩሹ አጠገብ። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ጣቶቼን ቀስ አድርጌ አቀራርባለሁ። ሁለቱ ጣቶች ሲገናኙ መጥረጊያው ሳይወድቅ ሚዛኑን ይጠብቃል። ደጋግማችሁ ሞክሩት። ሁልጊዜ እዚያው ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ምክንያቱ ደስ ይላል። ወደ ማዕከሉ የቀረበው ጣት ብዙ ክብደት ይሸከማል። ብዙ ክብደት ማለት ብዙ ሰበቃ ነው። ስለዚህ እሱ ይቆማል፣ ሌላው ይንሸራተታል። ሌላው ሲቀርብ ደግሞ እሱ በተራው ይቆማል። እየተጠባበቁ ማዕከሉ ላይ ይደርሳሉ።

ጥያቄው ይኸው። መጥረጊያውን እዚች ነጥብ ላይ በመጋዝ ብቆርጠውና ሁለቱን ቁራጮች ብመዝናቸው የቱ ይከብዳል? እጃችሁን አውጡ። አብዛኞቻችሁ "እኩል ናቸው" ብላችኋል። እንቁረጠው። የሱቅ ሚዛን አምጥተናል። የብሩሹ በኩል ይከብዳል፣ ያውም በጣም። ሚዛን ጠብቆ ስለቆመ ክብደቱ እኩል ነው አልን። እኩል የሆነው ክብደቱ አይደለም፤ ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ የሚመጣው ነው። ብሩሹ ከባድ ነው፣ ግን ቅርብ ነው። እጀታው ቀላል ነው፣ ግን ሩቅ ይደርሳል። እኔና ልጅቷ ጣውላ ላይ እንደተቀመጥነው ነው።

ወደ መቆምና መውደቅ ልለፍ። ግንበኞች ቱንቢ አላችሁ። ቱንቢ ማለት ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ገመድ ነው፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የምታዩበት። በማንኛውም ነገር የክብደት ማዕከል ላይ ቱንቢ እንደተንጠለጠለ አስቡ። ቱንቢው ነገሩ በቆመበት መሠረት ውስጥ እስካረፈ ድረስ ነገሩ ይቆማል። ከወጣ ይወድቃል። እስቲ ሁላችሁም ወንበራችሁ ላይ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ እግራችሁን ከፊት ዘርግታችሁ ተቀመጡ። ወደ ፊት ሳትጎነበሱ፣ በእጃችሁም ሳትደገፉ ተነሱ። አልቻላችሁም። ቱንቢያችሁ ወንበሩ ላይ ነው፣ እግራችሁ ግን ወደ ፊት ርቋል። ጎንበስ ስትሉ ቱንቢውን እግራችሁ ላይ ታመጡታላችሁ፣ ትነሳላችሁ። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ወገባቸውን አጥፈው የሚሄዱትም ለዚህ ነው። እንጨቱ ከጀርባቸው ኋላ ይጎትታቸዋል፤ ቱንቢውን እግራቸው ላይ ለማቆየት ራሳቸውን ወደ ፊት ያስገባሉ። ያ ጎንበስ ማለት በየቀኑ ወገባቸውን እንዴት እንደሚያስከፍላቸው ቅድም ካየነው ስሌት ማወቅ ትችላላችሁ።

ጀበና ታችዋ ክብ ነው። ለዚያ ነው ማቶት የምንሰጣት። ማቶቱ መሠረቷን ያሰፋላታል።

ባጃጅ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ሰፈር የሚኖረው በባጃጅ ስለሆነ። ጠዋት ከውጭ ከቆሙት ባጃጆች አንዷን ሾፌሩን አስፈቅደን ሦስቱ ጎማዎቿ መሬት የነኩበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግን። በመስመር አገናኘናቸው። ሦስት ማዕዘን ወጣ። ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ሾጣጣ። ባጃጇ የምትቆመው ቱንቢዋ እዚያ ሦስት ማዕዘን ውስጥ እስካረፈ ድረስ ነው።

የኋላ ጎማዎቹ 1.15 ሜትር ተራርቀዋል፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ደግሞ 2 ሜትር ነው እንበል። ሦስት ሰው ኋላ ወንበር ሲቀመጥ ክብደቱ ወደ ሰፊው በኩል ነው። ማዕከሉ ከኋላ ጎማዎች አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ፊት ቢሆን፣ በጎን በኩል እስከ መስመሩ 38 ሳንቲም አለው። አሁን አራተኛው ሰው ከሾፌሩ ጎን ይለጠፍ። ሌላም በዚያኛው ጎን። ክብደቱ ወደ ሾጣጣው በኩል ሄደ። ማዕከሉ መሃል ላይ ሲደርስ የቀረው 29 ሳንቲም ነው። ጣሪያው ላይ ዕቃ ከተጫነ ደግሞ ማዕከሉ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ትንሽ ማጋደል ቱንቢውን ብዙ ያስኬደዋል።

ይህን ወደ ፍጥነት ልቀይረው። ሜዳ መንገድ ላይ፣ 10 ሜትር ራዲየስ ያለው መታጠፊያ እንውሰድ። በመጀመሪያው አጫጫን፣ ማዕከሉ ከመሬት 60 ሳንቲም ላይ ሆኖ፣ ባጃጇ ለመገልበጥ የምትደርሰው በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሁለተኛው አጫጫን፣ ማዕከሉ ወደ 70 ሳንቲም ከፍ ብሎ፣ በ23 ኪሎ ሜትር ትገለበጣለች። ሾፌሩ ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። ሁልጊዜ በሚታጠፍበት ፍጥነት ነው የታጠፈው። ዛሬ ለምን እንደወደቀ አይገባውም። ደግሞ ወደ ጎን የሚጥለው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ባጃጅ። መታጠፊያ ውስጥ ገብታችሁ ፍሬን አትያዙ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይጣላል። መታጠፉ ደግሞ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ወደሚገኘው ማዕዘን ይገፋል። መኪና እዚያ ማዕዘን ላይ ጎማ አለው። ባጃጅ የለውም። ከመታጠፋችሁ በፊት፣ ገና ቀጥ ብላችሁ ሳላችሁ ፍጥነት ቀንሱ።

ግንበኞች ይህ ለእናንተ ነው፤ ቤት ለምትሠሩ ወላጆችም ጭምር። በረንዳ ከግድግዳ ወጥቶ አየር ላይ የሚንጠለጠል ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ወለል ነው። ከሥሩ ምሰሶ የለም። ሙሉ የማዞር አቅሙን የሚመልሰው ግድግዳው ጋር ያለው ሥሩ ነው። ባለቤቱ "ትንሽ ሰፋ አድርጉልኝ" ይላል። ከ1 ሜትር ወደ 1 ሜትር ተኩል። ግማሽ ሜትር ብቻ ይመስላል። ግን ክብደቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። የክብደቱም ማዕከል ከግድግዳው አንድ ተኩል እጥፍ ራቀ። ሁለቱ ሲባዙ ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው። ወደ 2 ሜትር ካሰፋችሁት አራት እጥፍ ይሆናል። መሐንዲሱ ሳያውቅ በረንዳ ማስፋት የማይገባው ለዚህ ነው።

ሌላው ፌሮ ነው። ይህን የድፎ ዳቦ ቁራጭ በአንድ ጫፉ ይዤ ሌላውን ጫፍ ወደ ታች ልጫነው። ስንጥቁ ከየት ጀመረ? ከላይ። የላዩ ይለጠጣል፣ የታቹ ይጨፈለቃል። ኮንክሪት መጨፍለቅን ይችላል። መለጠጥን አይችልም። መለጠጡን የሚሸከመው ፌሮ ነው። ስለዚህ በረንዳ ላይ ዋናው ፌሮ ከላይ በኩል መሆን አለበት፣ ወደ ውስጠኛው ሶሌታም ርቆ መግባት አለበት። የክፍሉ መሃል ላይ ግን ሶሌታው ወደ ታች ስለሚረግብ የሚለጠጠው ታቹ ነው፤ ፌሮውም ከታች ይሆናል። ልማድ ሆኖ በረንዳውንም እንዲሁ የሚያደርግ ሠራተኛ አለ። ልኩን አውቆ ከላይ ያሰረውም ቢሆን፣ ኮንክሪት ሲሞላ ሠራተኛው በፌሮው ላይ ይመላለስና ይረግጠዋል። ፌሮው ወደ ታች ይሰምጣል። ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም። እባካችሁ ከሥሩ መደገፊያ አስቀምጡለት። የሚረገጥ ጣውላ ዘርጉ። ልጆች የሚጫወቱበት በረንዳ ነው።

እስከዚህ የኔ ነው። አሁን ጥያቄ።

አንዲት እናት "ልጄ፣ እኔ ጀሪካን በአንድ እጄ ነው የምይዘው፤ ትከሻዬን ያመኛል። ምን ላድርግ?" ብለው ጠየቁ። እማማ፣ 20 ሊትሩን በአንድ እጅዎ ከመያዝ አሥር አሥር ሊትር በሁለት ጀሪካን ቢያደርጉት ይሻላል አልኳቸው። ክብደቱ ያው ነው። በቀኝ እጅ ብቻ ሲሆን ግን አካልዎን ወደ ቀኝ ያዞራል። ያንን ለመመለስ የግራ ጎንዎ ጡንቻ ሙሉ መንገዱን ሲጎትት ይሄዳል። በሁለት እጅ ሲሆን የግራው የቀኙን ይመልሳል። የጀርባዎ አጥንት ክብደቱን ብቻ ይሸከማል።

አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ "ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚገፉት ኃይሎች እኩል ከሆኑ ነገሩ አይንቀሳቀስም ተብለን ተምረናል። በቂ ነው?" አለ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በቂ አይደለም። የመኪና መሪን አስብ። ግራ እጅህ ወደ ላይ ይገፋል፣ ቀኝ እጅህ ወደ ታች ይጎትታል። ሁለቱ ኃይሎች እኩልና ተቃራኒ ናቸው። ድምራቸው ዜሮ ነው። መሪው ግን ይዞራል። ሁለቱም የሚያዞሩት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ። ሚዛን እንዲኖር ኃይሎቹም፣ የማዞር አቅሞቹም ተደምረው ዜሮ መሆን አለባቸው።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት "መምህር፣ አክሱም ያለው ትልቁ ሐውልት የወደቀው በዚሁ ነው?" አሉ። አባባ፣ ደስ የሚል ጥያቄ አመጡ። ያ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፣ ወደ 520 ቶን ይመዝናል። ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ነው የሚታመነው። መሬት ውስጥ የገባው ክፍሉ ለቁመቱ አነስተኛ ነበር። የክብደቱ ማዕከል 14 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር ብንል፣ 3 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል ቱንቢው 73 ሳንቲም ይሄዳል። 520 ቶን ሲባዛ በ73 ሳንቲም ወደ 380 ቶን ሜትር የማዞር አቅም ይሆናል። ያንን መመለስ ያለበት ሥሩ ያለው አፈርና ድንጋይ ብቻ ነው። ባጋደለ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የመጨረሻው ጠያቂ ጠመኔ የተሰመረባት ባጃጅ ሾፌር ነበር። "ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ አድርስልኝ የሚል ደንበኛ አለኝ። 150 ኪሎ ነው። ከወንበሩ ኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ላይ ላድርገው?" አለ። ወንድሜ፣ እዚያ አታድርገው። እዚያ ከኋላ ጎማዎቹ ኋላ ነው። የኋላ ጎማዎቹ እንደ ብሎኬቱ፣ ባጃጇ እንደ ጣውላው ይሆናሉ። ከኋላ የተጫነው የፊት ጎማውን ያቀለዋል። ዳገት ላይ ሲሆን ይብሳል። የፊት ጎማ ሲቀል መሪው አይታዘዝህም፣ እጅህ ላይ ሲንሳፈፍ ይሰማሃል። ጣሪያው ላይም አታድርገው። ተሳፋሪ ሳትጭን ወለሉ ላይ፣ ኋላ ወንበሩን አስጠግተህ አስተኛቸው። ሁለቱን ግራና ቀኝ፣ ሦስተኛውን መሃል ላይ። ሲታጠፍ እንዳይንሸራተቱ እሰራቸው። ቢቻል ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመላለስ።

"ሁለት ጊዜ ከሆነ ደንበኛው አይከፍለኝም" አለ። አንድ ግንበኛ ከጎኑ ተነስቶ "እኔ ነኝ ደንበኛው፣ እከፍልሃለሁ" አለው።